በፀሐይ የሚሄድ መኪናና በፀሐይ የሚመካ ሰው

ሰው አዲስ ዕቃ ባገኘ ቁጥር ከዕቃው ጋር አዲስ ትዕቢት ያገኛል። ፈረስ ያለው በእግረኛው ላይ ኰራ፤ አውቶሞቢል የገዛው በፈረሰኛው ላይ ኰራ። ዛሬ ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቶ፣ በቤቱ ጣራ ላይ የፀሐይ ሰሌዳ ዘርግቶ፣ መኪናውን ከፀሐይ በተገኘ ኀይል የሚሞላ ሰው ተነሥቷል። ይህ ሰው ከቀደሙት ኩራተኞች የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የቀደሙት በሀብታቸው ብቻ ሲኰሩ እርሱ ግን በሀብቱም በጽድቁም ይኰራል። «እኔ ቤንዚን አልገዛም፤ ጭስ አላወጣም፤ መብራት ቢጠፋ አይገደኝም፤ ከማንም ምንም አልፈልግም» ይላል። እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ክርክር ከመኪናው ጋር አይደለም፤ ከሰሌዳውም ጋር አይደለም፤ ከዚህ ንግግር ጋር ነው።

ዕቃውን ሳያውቁ ባለዕቃውን መንቀፍ ፍርደ ገምድልነት ስለ ሆነ አስቀድመን የዕቃውን ነገር በቅን እንመርምር።

የኤሌክትሪክ መኪና የትናንት ፈጠራ የሚመስለው ሰው ቢኖር ተሳስቷል። እ.ኤ.አ. በ1899 ካሚይ ዤናትዚ የተባለ የቤልጅግ ሰው በኤሌክትሪክ መኪና በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ሮጠ፤ ከዚያ በፊት በመንገድ ላይ ያን ያህል የሮጠ አውቶሞቢል አልነበረም። ይሁን እንጂ የዚያ ዘመን ባትሪ ከባድና ቶሎ የሚደክም ስለ ነበረ፣ ቤንዚንም እየረከሰ ስለ ሄደ፣ የኤሌክትሪኩ መኪና ተረሳ። በ1900 ዓ.ም. ለዐፄ ምኒልክ ወደ አዲስ አበባ የመጣው የመጀመሪያው አውቶሞቢልም በቤንዚን የሚሄድ ነበረ። ከዚያ ጀምሮ መኪና ማለት ከባሕር ማዶ በሚመጣ ዘይት የሚኖር ዕቃ ማለት ሆኖ ቆየ።

ፀሐይን ወደ ኤሌክትሪክ የመለወጥ ጥበብም እንዲሁ ሥሩ ሩቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1839 ኤድሞን ቤከረል የተባለ የ19 ዓመት ፈረንሳዊ ወጣት ብርሃን ኤሌክትሪክን እንደሚያስነሣ አስተዋለ። ነገሩ ከወረቀት ወጥቶ ለሥራ እስኪበቃ 115 ዓመት ፈጀ፤ እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ በቤል ቤተ ሙከራ ሦስት ሊቃውንት ከሲሊኮን የሠሩት ሰሌዳ ከወደቀበት ብርሃን ከመቶ 6 እጅ ያህሉን ወደ ኤሌክትሪክ ለወጠ። ዛሬ በገበያ የሚሸጠው ሰሌዳ ከመቶ 20 እጅ በላይ ይለውጣል። ስለዚህ ዛሬ በአንድ ቤት ጣራ ላይ የምናየው ጥቁር መስተዋት የብዙ ትውልድ ድካም ውጤት ነው እንጂ የአንድ ሀብታም ብልሃት አይደለም። ይህን ቃል አንባቢው ይያዝልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ፤ ሒሳብ የማያውቅ ምስጋናም ሆነ ነቀፋ ከንቱ ነውና። መካከለኛ የኤሌክትሪክ መኪና 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 15 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል። በቀን 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው እንግዲህ 6 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልገዋል፤ ሲሞላ በመንገድ የሚባክነው ሲጨመር ወደ 7 ይጠጋል። በሌላ በኩል አንድ 500 ዋት የፀሐይ ሰሌዳ በአዲስ አበባ በበጋ ቀን፣ ሙቀቱ፣ አቧራውና ሽቦው የሚቀንሱት ተቀንሶ፣ 2 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል። አራት ሰሌዳ ያለው ሰው የመኪናውን የቀን ቀለብ ከጣራው ሊያገኝ ይችላል ማለት ነው። አራቱም ሰሌዳ ቢዘረጋ ከአንድ ክፍል ጣራ የሚበልጥ ቦታ አይዝም።

ስለዚህ «ይህ ነገር የሕፃን መጫወቻ ነው፤ መኪና በፀሐይ ይሄዳል ማለት ተረት ነው» እያለ የሚያላግጠው ሰው ይህን ሒሳብ ይመልከትና ዝም ይበል። ፀሐይ በቆርቆሮ ጣራችን ላይ ወድቃ ቆርቆሮውን አግላ ብቻ የምትሄድበት ዘመን ሊያበቃ የሚገባው ነው። ነዳጅ ለመግዛት አገራችን በየዓመቱ በብዙ ቢሊዮን የሚቈጠር ዶላር ታወጣለች፤ ያንን ዶላር ቡና ለቅሞ፣ ሰሊጥ አጭዶ የሚያመጣው ገበሬ ነው። ከጣራ የሚገኝ ኀይል ይህን ሸክም በጥቂቱም ቢሆን የሚያቀልል ከሆነ የሚመሰገን እንጂ የሚነቀፍ አይደለም።

ከዚህም የሚበልጥ አንድ ጥሩ ነገር አለ። በኢትዮጵያ ከሚመነጨው ኤሌክትሪክ ከመቶ 90 እጅ በላይ የሚሆነው ከውሃ የሚገኝ ነው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብም ከዚሁ ወገን ነው። ውሃ ግን ወራት አለው። በክረምት ይሞላል፤ በበጋ ይጐድላል። ፀሐይ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ናት፤ በሐምሌና በነሐሴ በደመና ትሸፈናለች፤ ግድቡ በሚጐድልበት በበጋ ትበረታለች። ውሃና ፀሐይ በአንድ ቀንበር እንደ ተጠመዱ ሁለት በሬዎች ናቸው፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ይስባል። ይህን ያስተዋለ ሰው የፀሐይን ሰሌዳ ሊንቅ አይችልም።

ለዕቃው የሚገባውን ክብር ከሰጠን በኋላ፣ አሁን ወደ ተመጻዳቂው ባለዕቃ እንመለስ፤ ንግግሩንም አንድ በአንድ እንፈትን።

የመጀመሪያው ቃሉ «ቤንዚን አልገዛም» የሚል ነው። እውነት ነው፤ አይገዛም። ነገር ግን በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከልክሏል። ከዚያ ወዲህ አዲስ መኪና ከውጭ አስመጥቶ የሚነዳ ሰው የኤሌክትሪኩን የመረጠው ሕጉ ስለ መረጠለት ነው። ሕግ ያዘዘውን መፈጸም የዜግነት ግዴታ ነው እንጂ ትሩፋት አይደለም። ግብሩን በጊዜው የከፈለ ሰው «ደግነቴን እዩልኝ» ብሎ በአደባባይ ቢለፍፍ እንስቅበት የለምን? ደግሞም እ.ኤ.አ. በ2022 መንግሥት የኤሌክትሪክ መኪና ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ እንዲሆን ወስኖ ነበር። በዚህ ውሳኔ የተጠቀመ ሰው ግምጃ ቤቱ የተወለት ገንዘብ ከየት የመጣ ይመስለዋል? ትምህርት ቤት ሊሠራበት፣ መንገድ ሊጠገንበት ይችል የነበረ የሕዝብ ገንዘብ ነው። ሕዝቡ የተወለት «እርሱ አስቀድሞ ይጀምር፤ እኛም እንከተላለን» ብሎ ነው። ስለዚህ ይህ ሰው ባለዕዳ ነው፤ ባለዕዳ ደግሞ ሲመካ አያምርበትም።

ሁለተኛው ቃሉ «ጭስ አላወጣም» የሚል ነው። ይህም በግማሽ እውነት ነው። መኪናው በሚያልፍበት መንገድ ላይ ሕፃናት የናፍጣ ጭስ አይተነፍሱም፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ከጎማው የሚነሣው ብናኝ እንዳለ ነው፤ ባትሪውና ሰሌዳው የተሠሩበት ፋብሪካም ያለ እሳት አልሠራም። ከሁሉ ይልቅ ግን ሊያስተውለው የሚገባው ይህ ነው። በደቡብ አፍሪካ ኤሌክትሪክ በብዛት የሚመነጨው ከድንጋይ ከሰል ነው፤ በዚያ አገር በጣራው ላይ ፀሐይን የሚይዝ ሰው በእርግጥ ከሰል እንዳይነድ ያደርጋል። በኛ አገር ግን በሽቦ የሚመጣው ኀይል ራሱ ከውሃ የመጣ፣ ጭስ የሌለው ነው። እንግዲህ በኢትዮጵያ ከመንግሥት መስመር በሚሞላ መኪናና ከጣራ በሚሞላ መኪና መካከል የጭስ ልዩነት የለም ማለት ይቻላል።

ታዲያ የጣራው ሰሌዳ ጥቅሙ ምንድን ነው? ጥቅሙ አንድ ነው፤ እርሱ ያልወሰደው ኀይል ለሌላ ሰው መትረፉ ነው። ባለሰሌዳው ከግድቡ ሊቀዳ የሚችለውን 7 ኪሎዋት ሰዓት ከተወ፣ ያ ኀይል ወደ ጎረቤቱ ምጣድ፣ ወደ ክሊኒኩ ማቀዝቀዣ፣ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሊሄድ ይችላል። የጣራ ፀሐይ ለኛ ጎረቤትን የመርጃ መንገድ ነው። ባለቤቱ ግን ጎረቤት የሚባለውን ነገር ካልወደደ፣ የያዘው ዕቃ መልካምነቱን ግማሽ ያጣል ማለት ነው።

ሦስተኛው ቃሉ «መብራት ቢጠፋ አይገደኝም» የሚል ነው። ከንግግሮቹ ሁሉ የከፋው ይህ ነው። በአንድ ሰፈር መብራት ሲጠፋ ሁሉ በአንድነት ይጨልምበታል፤ ባለሱቁም፣ ባለሥልጣኑም፣ ተማሪውም። አቤቱታውም የሁሉ ስለ ሆነ ይሰማል። አሁን ግን ገንዘብ ያለውና ድምፁ የሚሰማው ሰው የራሱን ብርሃን ይዞ ከጨለማው ሲወጣ፣ በጨለማው የሚቀረው ድምፅ የሌለው ድኻ ብቻ ነው። ይህ ግምት አይደለም፤ በደቡብ አፍሪካ የታየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በዚያ አገር የኤሌክትሪክ መቋረጥ እጅግ በበረታ ጊዜ ገንዘብ ያላቸው ቤቶች ጣራቸውን በሰሌዳ ሸፈኑ። ለራሳቸው ዳኑ፤ ነገር ግን ከተሞቹ አገልግሎታቸውን የሚያካሂዱት ኤሌክትሪክ በመሸጥ ጭምር ስለ ነበረ፣ ደኅና ከፋዮች ሲርቁ የሽቦው፣ የምሰሶውና የጥገናው ወጪ በቀሩት ላይ ከበደ። በዚያው አገር የኬፕ ታውን ከተማ ከነዋሪዎች ጣራ የተረፈውን ኀይል እየገዛች ወደ ጋራው መስመር ማስገባት የጀመረችው ይህን መለያየት ለማከም የሚረዳ መልካም ምሳሌ ነው። ከሁለቱ መንገዶች አንደኛው ሀብታሙን ከሕዝቡ ያወጣዋል፤ ሁለተኛው ሀብታሙን ለሕዝቡ ያተርፈዋል። ሰሌዳው በሁለቱም መንገድ አንድ ነው፤ የሚለየው የሰው ልብና የሕግ አሠራር ነው።

አራተኛውና የመጨረሻው ቃሉ «ከማንም ምንም አልፈልግም» የሚል ነው። አንባቢው ይያዝልኝ ያልሁትን አሁን ያስታውስ። ሰሌዳውን ያሰበው ፈረንሳዊና አሜሪካዊ፣ በብዛት የሚሠራው ቻይናዊ ነው። በብዙ ባትሪ ውስጥ የሚገባው ኮባልት ከዓለም ከግማሽ በላይ የሚቈፈረው በኮንጎ ነው፤ በአንዳንዶቹ ጉድጓዶችም ሕፃናት ሲሠሩ እንደ ተገኙ ተመስክሯል። ኮባልት የሌለበት፣ ከብረትና ከፎስፌት የሚሠራ ባትሪ መኖሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን መኪናውን ከገዙት ሰዎች መካከል ባትሪው ከየትኛው እንደ ሆነ የጠየቀ ስንት ይሆን? ደግሞም መኪናው የሚሄድበትን አስፋልት የጣለው ሕዝብ ነው። በሐምሌ ደመና ሲሆን፣ ሰሌዳው ግማሽ እንኳ ሳይሰጥ ሲቀር፣ ወደ መንግሥት ቆጣሪ የሚሮጠው ይኸው «ከማንም ምንም አልፈልግም» ያለው ሰው ነው።

ይልቁንም አንድ የተሰወረ ነገር ልግለጽ። ፀሐይ የምትበረታው በቀን 6 ሰዓት ላይ ነው፤ በዚያ ሰዓት ግን መኪናው ከቤት የለም፤ ከባለቤቱ ጋር ሥራ ቦታ ቆሞአል። መኪናው ከቤት ሲገባ ፀሐይ ገብታለች። ስለዚህ የቀኑን ኀይል የሚያቆይ ሌላ ባትሪ በቤቱ ያላስቀመጠ ሰው፣ ሰሌዳው ምንም ያህል ቢበዛ፣ መኪናውን የሚሞላው ማታ ከሕዝብ መስመር ነው። ሰሌዳው የቀኑን ማቀዝቀዣና የቀኑን ቴሌቪዥን ያሠራል እንጂ መኪናውን አያበላም። «መኪናዬ ፀሐይ ጠጥቶ ያድራል» እያለ የሚያወራው ከነዚህ ወገን ቢሆን፣ ራሱን እያታለለ ነው ወይም እኛን።

ማታ ከሕዝብ መስመር መሙላትም የራሱ ኀጢአት አለው። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት በየቤቱ ራት ይሠራል፤ እንጀራ ይጋገራል፤ አምፖል ይበራል፤ ልጆች ያጠናሉ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ተኩል ኪሎዋት ያህል ይስባል። በቤት የሚተከል ጠንካራ የመኪና መሙያ ደግሞ 7 ኪሎዋት ይስባል፤ ሁለት ምጣድ ማለት ነው፤ ያውም ምጣዱ ሥራውን ጨርሶ ሲጠፋ መሙያው ለሰዓታት አያቋርጥም። በአንድ ሰፈር አሥር እንዲህ ያሉ መኪኖች በአንድ ሰዓት ቢሰኩ፣ ያ ሰፈር በድንገት ሃያ ምጣድ እንደ ተጨመረበት ይቆጠራል። ትራንስፎርመሩ ይግላል፤ ይቃጠላል፤ ሰፈሩ ይጨልማል። በማግስቱ «ይህ አገር አይሻሻልም» ብሎ መጀመሪያ የሚያማርረው ግን መኪናውን የሰካው ሰው ነው። የኛ ሰው «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ይላል። በሩቅ አገር ያለውን የበረዶ ግግር ላድን ብሎ መኪና የገዛ ሰው የቅርብ ጎረቤቱን ሊጥ ቢያበላሽ ምን ተጠቀመ?

ከዚህ ሁሉ በላይ የተራ ነገር አለ። ዛሬም ከኢትዮጵያ ሕዝብ ግማሽ ገደማው በቤቱ ኤሌክትሪክ የለውም። 9 ዋት የሆነች አንዲት አምፖል ማታ 5 ሰዓት ብትበራ የምትፈጀው 45 ዋት ሰዓት ብቻ ነው። እንግዲህ አንድ መኪና አንድን ሰው 40 ኪሎ ሜትር ለማድረስ የሚፈጀው 6 ኪሎዋት ሰዓት ለ133 ቤቶች አንዳንድ አምፖል አንድ ሌሊት ያበራል። ይህን ቁጥር ጽፌ ስጨርስ «ታዲያ መኪና አትግዙ ማለትህ ነውን?» የሚል ሰው አይጠፋም። እንዲህ ማለቴ አይደለም። አንድ ሰው መኪናውን ቢተው አምፖሉ በገጠር ወዲያው አይበራም፤ ወደዚያ የሚደርስ ሽቦና ምሰሶ፣ ወይም ለዚያው የሚተከል ሰሌዳ ያስፈልጋልና። እኔ የምለው፣ ይህን ቁጥር የሚያውቅ ሰው በመኪናው ይሄዳል እንጂ በመኪናው አይመካም ነው።

አንዳንዶች ኖርዌይን ይጠቅሳሉ። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ2024 ከተሸጡት አዳዲስ መኪኖች ከአሥሩ ዘጠኝ የሚያህሉት የኤሌክትሪክ ነበሩ፤ ኀይሉም እንደ እኛው በአብዛኛው ከውሃ ነው። «እነርሱ የቻሉትን እኛ ለምን አንችልም?» ይላሉ። ጥያቄው መልካም ነው፤ መልሱ ግን ተራውን በመጠበቅ ነው። በኖርዌይ አምፖሉ ከመኪናው ቀድሞ በየቤቱ በርቷል። እኛ ዘንድ መኪናው አምፖሉን ቀድሞ ሊሄድ ይፈልጋል። ጣራ ከመሠረት በፊት አይሠራም፤ የሠራው ሰው ቢኖር የሚያድረው ሜዳ ላይ ነው።

ስለ አውቶቡስም አንድ ቃል ልጨምር። የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ለአንድ ኪሎ ሜትር ከ1 ኪሎዋት ሰዓት ጥቂት የሚበልጥ ይፈጃል፤ 60 ሰው ይይዛል። ለእያንዳንዱ ሰው ቢከፈል ብቻውን በመኪና የሚሄድ ሰው ከሚፈጀው ሰባት እጅ ያንሳል። በ2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የጀመረው ቀላል ባቡርና ከዚያ ቀጥሎ አዲስ አበባን ከጅቡቲ ያገናኘው የባቡር መንገድ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ናቸው፤ የኤሌክትሪክ ጉዞ ወደ አገራችን የመጣው በሀብታም ግቢ በር ብቻ እንዳልሆነ ይመሰክራሉ። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፤ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» ያሉት ነገር እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል። የጋራ መጓጓዣ ሲበላሽ የማይገደው፣ ስለ ግል መኪናው መሙያ ብቻ የሚጮኽ ሰው ሃምሳውን ሎሚ ብቻውን ተሸክሞ «አገሬን አስጌጥሁ» የሚል ነው።

እንግዲህ የኤሌክትሪክ መኪናና የጣራ ፀሐይ ያለው ሰው ምን ያድርግ? ነቅፎ ብቻ ማለፍ የሰነፍ ሥራ ስለ ሆነ የሚገባውን ልናገር።

አንደኛ፤ ሒሳቡን በእውነት ይያዝ። ከሰሌዳው ስንት እንዳገኘ፣ ከቆጣሪው ስንት እንደ ወሰደ በወሩ መጨረሻ ይመልከት፤ ከዚያ በኋላ ይናገር።

ሁለተኛ፤ ቢችል መኪናውን ፀሐይ ባለችበት ሰዓት ይሙላ፤ ባይችል ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ወዲህ ይሙላ። በየመኪናው ሰዓት የሚቀጥር መሣሪያ አለ፤ አንድ ጊዜ ማዘዝ ብቻ ነው። ምንም ሳይወጣበት፣ ምንም ሳይጐድልበት ጎረቤቱን ይረዳል።

ሦስተኛ፤ ከጣራው የተረፈውን አይሰስት። መብራት በጠፋ ማታ የጎረቤት ልጆች ተሰብስበው የሚያጠኑበት አንድ ክፍል ቢያበራ፣ ስልክ የሚሞላበት አንድ ሶኬት ከደጁ ቢያወጣ፣ የሚወጣው ኀይል መኪናው አንድ ኪሎ ሜትር ከሚሄድበት እምብዛም አይበልጥም። ቤቱ ሲበራ ሌላው ሲጨልም ተመልክቶ የሚተኛ ሰው ግን ፀሐይን በጣራው ይዟል እንጂ በልቡ አልያዘም።

አራተኛ፤ ያረጀውን ባትሪ በየሜዳው አይጣል። በብዙ የቤት ፀሐይ መሣሪያ የሚገባው የእርሳስ ባትሪ መርዝ ነው፤ ወደ አፈር ከገባ ወደ ውሃ ይገባል፤ ወደ ውሃ ከገባ ወደ ሕፃን ደም ይገባል። ዕቃን መግዛት ብቻ ባለቤትነት አይባልም፤ ባለቤት ማለት ዕቃው ሲሞት የሚቀብረው ነው።

አምስተኛ፤ የጋራው መስመር እንዲጠገን ከሌሎቹ ይልቅ እርሱ ይጩኽ። ለራሱ ሳይቸገር ስለ ሌላው የሚናገር ሰው ቃሉ ይበልጥ ይሰማልና።

ወጣቶች ሆይ፤ ከናንተ አብዛኞቻችሁ መኪና የላችሁም፤ ስለዚህ «ይህ ምክር ለሀብታሞች ነው፤ እኛን ምን ነካን?» ትሉ ይሆናል። ይልቁንም ለናንተ ነው። ዛሬ በታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማችሁ ያ ድምፅ የሌለው መኪና በአጠገባችሁ ሲያልፍ በልባችሁ የሚነሣ ምኞት አለ። ምኞቱ መኪናውን ለመንዳት ነውን? ወይስ በሰልፉ ላይ የቆሙትን በመስተዋት ውስጥ ሆኖ ለማየት ነው? የመጀመሪያው ምኞት ነውር የለበትም፤ ሠርታችሁ ግዙ። ሁለተኛው ግን በቤንዚንም ቢሆን በፀሐይም ቢሆን ያው የድሮው የፈረሰኛ ኩራት ነው። ለዚህ ኩራት ብላችሁ የእናት ቤት አታስይዙ፤ የማይከፈል ብድር ውስጥ አትግቡ። በሰው ወርቅ አይደምቁ ተብሎ የተነገረው በብድር ወርቅም ላይ ይሠራል።

ይልቅ ሌላ መንገድ ላሳያችሁ። ይህን መኪና የሚፈታና የሚገጥም፣ ባትሪውን መርምሮ የታመመውን ክፍል ብቻ የሚለውጥ፣ ሰሌዳን በትክክል አዘንብሎ የሚሰቅል፣ ሽቦን እሳት እንዳያስነሣ አድርጎ የሚዘረጋ ሠራተኛ በአገራችን ገና ጥቂት ነው። መኪናው በብዛት እየገባ ሳለ ባለሙያው ካልተገኘ ነገ በየግቢው ቆሞ የሚበሰብስ ብረት እናያለን። ቤከረል ያን ነገር ባስተዋለ ጊዜ 19 ዓመቱ እንደ ነበረ ነግሬአችኋለሁ። ከናንተ መካከል ይህን ዕድሜ ያለፈ ብዙ ነው። መኪናውን በመግዛት ከሚገኘው ክብር መኪናውን በማወቅ የሚገኘው ይበልጣል፤ የመጀመሪያውን ሌባ ሊወስደው፣ ግጭት ሊያጠፋው ይችላል፤ ሁለተኛው ግን ከባለቤቱ ጋር ይኖራል።

ፀሐይ በቪላውም በጎጆውም ጣራ ላይ ትወጣለች፤ ለማንም ቀረጥ አልጠየቀችም፤ ለማንም አላደላችም። በእርስዋ የሚነዳ ሰው ቢያንስ ይህን ጠባይዋን ሊማር ይገባዋል። ኀይልዋን ወስዶ ጠባይዋን የተወ ሰው ግን መኪናው ምንም ያህል ቢሮጥ እርሱ ካለበት አልተነቃነቀም።